ዘጠነኛው ገጽ ላይ የጎደለው

ሰዓሊው አንድ ግትር አመል አለው፤ ያላየውን አይስልም። ድመት ሳል ከተባለ ድመት እስኪያገኝ ጎረቤት ሲያስቸግር ይውላል፤ ዝናብ ከተባለ ደግሞ ሰማይ ሰማዩን እያየ ይቀመጣል። ፋርማሲ የምትሠራው ሚስቱ «አንድ ቀን ዘንዶ ሳል ይሉህና ጉድህን እናያለን» እያለች ትስቅበታለች።

እናም አንድ አሳታሚ ልጆችን ስለ ቁጠባ የሚያስተምር የሥዕል መጽሐፍ እንዲሠራ ሲያዘው ሩቅ አልሄደም። የሰባት ዓመት ልጁ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ሚጡ የሚላት፣ በማርማላታ ጠርሙስ ሳንቲም ታጠራቅም ነበር። የእጅ ባትሪ ልትገዛ ነው፤ ተኚ ከተባለች በኋላ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ ልታነብበት። ጠርሙሱን አስፈቅዶ መስኮቱ ሥር ካለው የሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ጽሑፉን የጻፈችው የአሳታሚው አርታኢ ናት፤ ጸጉሯ የሸበተ፣ ነገር የማይረዝምባት ሴት። ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት ልጅ ትቆጥባለች፣ በጠርሙሱ ያለው ሳንቲም በየገጹ ከፍ ከፍ ይላል፣ መጨረሻ ላይ የፈለገችውን ትገዛለች። ጠርሙሱ የሚታየው አሥራ ሁለት ገጾች ላይ ነው። ሰዓሊው በሳምንት አንድ ገጽ ይሠራል፤ ጠርሙሱንም በዚያ ሳምንት እንዳለ ይስለዋል። ሚጡ ትጨምራለች፣ እሱ ይስላል። ሥራ እንዲህ ሲገጣጠም ደስ ይላል።

ያልገጠመው ክፍያው ነው። ግማሹ ሲጀመር፣ ግማሹ ሲያልቅ ነበር ውላቸው። የመጀመሪያው ግማሽ ቤት ኪራይ ላይ ቀለጠ። ዘጠነኛው ሳምንት ላይ ነጭ ቀለም አለቀበት፤ ያለ ነጭ ደግሞ ጠርሙስ ጠርሙስ አይመስልም። ኪሱን ቢዳብስ ቤሳ ቤስቲን የለም። ቤቱ የቆመው በሚስቱ ደመወዝ ስለሆነ እሷን መጠየቅ አፈረ። ዓይኑ ጠርሙሱ ላይ አረፈ። «ማታ እመልሰዋለሁ» አለ ለራሱ፣ አንድ እፍኝ ዘግኖ ወጣ፣ ቀለሙን ገዛና የጠርሙሱን ብልጭታ አሳምሮ ቀባ። ማታ ባዶ እጁን ነበር። በማግስቱም እንደዚያው። ነገሩን ረሳው ማለት ውሸት ይሆናል፤ እንዳያስታውሰው ይጠነቀቅ ነበር እንጂ።

ሥዕሎቹን ደግሞ አንድ አንዱን እየጨረሰ አቃፊ ውስጥ ስለሚከት፣ ጎን ለጎን ደርድሮ አይቷቸው አያውቅም።

አሳታሚው ማንኛውንም የልጆች መጽሐፍ ከማሳተሙ በፊት ሥዕሎቹን ያለ ጽሑፍ አንድ የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ይሰቅልና ልጆቹ ታሪኩን ራሳቸው እንዲናገሩ ይተዋቸዋል። አዋቂ አፉን አይከፍትም። «የሚጡ ክፍል ይሁን» ብሎ የለመነ ሰዓሊው ራሱ ነው። በጓደኞቿ ፊት እንድትኮራ ፈልጎ ነበር።

አርታኢዋ አሥራ ሁለቱን ሥዕሎች በተርታ ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ልጆቹ ተንጋግተው ተነሡ። የፊት ጥርሶቹ የወለቁ አንድ ልጅ ጣቱን ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ እያሻገረ ሄደና ዘጠነኛው ላይ ቆመ።

«እዚህ ጋ ጎደለ» አለ።

«የታለ?»

«ይኸውና። እዚህ ሙሉ ሊሆን ነበር፣ እዚህ ወረደ። ከዚያ በኋላም አልጨመረም፤ እስከ መጨረሻው ያው ነው።»

«ሌባ ገብቶ ነው» አለ ሌላው።

መነጽር ያደረገች ልጅ ቀረብ ብላ ሥዕሉን መረመረች። «ሌባ ቢሆን ከነጠርሙሱ ይወስደው ነበር» አለች። «ይሄ የቤት ሰው ነው። ልጅቷም ተናዳ መቆጠቧን ተወች።»

ሰዓሊው ምድር ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። ቀና ብሎ ሚጡን ፈለጋት። እሷ ከቦታዋ አልተነሣችም፤ አንገቷን ደፍታ እርሳሷን ትቀርጻለች። እርሳሱ ከተቀረጸ ቆይቷል።

ኮሪደሩ ላይ አርታኢዋ ያዘችው። «ምን ነካህ አንተ? ቁጠባ እያስተማርን ጠርሙሱ ይጎድላል?»

«ይቅርታ፣ እትዬ።»

«ይቅርታ አያስፈልገውም። አራቱ ላይ ትንሽ ትንሽ ሳንቲም ጨምርበት፣ አለቀ።»

እውነቷን ነው፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር። አራት ቦታ ቀለም ነካ ነካ ቢያደርግ ነገሩ ሁሉ የሥዕል ስህተት ሆኖ ይቀራል። የሰው ነገር ሆነና ይህ ሐሳብ ለአፍታ ደስ አሰኘው። ሚጡ ግን ቦርሳዋን አንግታ ወጣችና እንደወትሮዋ እጁን ያዘች፤ ያኔ ደስታው ጠፋ።

መንገዱን አጋመሱ። መስታወት መሸጫው ሱቅ ጋ ሲደርሱ እርምጃውን ቀነሰ።

«ሚጡዬ፣ ያ የጎደለው ሳንቲም...»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«አንተ ነህ የወሰድከው። ነጩን ቀለም የገዛህ ቀን።»

ቆመ። «እና ለምን አልነገርሽኝም?»

ጥያቄው የገረማት መሰለች። «እኔ ምን ብዬ? አንተ ትነግረኛለህ ብዬ ጠበቅኩህ። መጀመሪያ እሑድ ጠበቅኩ። ከዚያ ደግሞ ሌላ እሑድ፤ እስከዚያ ምንም አልጨመርኩም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አዲሱን ሌላ ቦታ ማድረግ ጀመርኩ።»

አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ የሰፈር ሱቅ የት እንዳለ እንደምትነግረው ነበር የነገረችው። ሆዱን ያባባው ይሄው ነው። ተንበርክኮ ከዓይኗ ጋር እኩል ሆነና «ጥፋቱ የእኔ ነው» አላት። «ሳልጠይቅሽ ወሰድኩ፤ ከዚያ አፈርኩና ደበቅሁሽ። ይቅር በይኝ።» በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። እጁንም መልሳ ያዘች።

በማግስቱ ወደ አርታኢዋ ቢሮ ሄደና ሁሉንም ዘክዝኮ ነገራት። እንደምትስቅበት ጠብቆ ነበር፤ እሷ ግን መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ወላጆች እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚገዙ ይመስልሃል?» አለች።

«እኔ እንጃ። ልጆቹ ግን ሳንነግራቸው አውቀውታል።»

«አንድ ገጽ እሰጥሃለሁ» አለች። «አባትየው ይናገር። ስብከት እንዳይሆንብህ ብቻ።»

በአዲሱ ገጽ ላይ አባትየው ጠርሙሱን ይዞ ልጁ ፊት ቁጭ ብሏል። ሰዓሊው ለዚያ ገጽ መስታወት አቁሞ የራሱን ፊት ሳለ፤ እንደዚያ ጊዜ ሥራ ከብዶት አያውቅም።

መጽሐፉ አልቆ ቀሪው ክፍያ የደረሰው ቀን፣ ከገንዘቡ ጥቂቱን ወደ ሳንቲም አስመንዝሮ መጣ። ወለሉ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሚጡ እየቆጠረች ጠርሙሱ ውስጥ ጨመረችው። ከወሰደው እፍኝ በላይ ነበር።

«ይሄ በዛ» አለችው።

«ትርፉ የካሣ ነው።»

ትንሽ አሰበችና ትርፉን ለይታ መለሰችለት። ክዳኑን ግጥም አድርጋ ዘጋች።

«እንግዲህ ሌላ ቦታ ያለውንም አምጥተሽ ብትደባልቂው ይሞላል» አላት፣ ድምፁን ቀለል ለማድረግ እየሞከረ። «የት ነበር ያስቀመጥሽው?»

ሚጡ አየችው። ፊቷ ላይ ቂም የሚባል ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም ያዘነችለት ትመስል ነበር። ብድግ ብላ ጉንጩን ሳመችው። ከዚያ ጠርሙሱን በሁለት እጇ አቅፋ ወደ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ከውስጥ ዘጋችው።

ሰዓሊው ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። መሳቢያ ሲከፈት ሰማ፣ ወንበር ሲጎተት ሰማ። ተነሥቶ ወደ በሩ ቢጠጋ የት እንደምታደርገው በድምፁ ሊለይ ይችል ነበር። አልተነሣም። እስክትወጣ ድረስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።