የሲቲና ሻንጣ

«ኸላስ፣ አበቃ፣ አባረሩኝ» እያለች ሲቲና ሊባኖስ ውስጥ በምትሠራበት ቤት በረንዳ ላይ ለእናቷ የገዛችውን ብርድ ልብስ ሻንጣ ውስጥ ትጠቀጥቃለች። ማዳሟ ፓስፖርቷን አውጥታ «ነገ ኤርፖርት ነን» ካለቻት ወዲህ፣ ወደ ወሎ የሚመልሷት መስሏት ምን እንዳጠፋች ግራ ገብቷታል።

ጎረቤት ቤት የምትሠራው ቦሰና ልብስ እያሰጣች ሰማቻትና ሳቋን ያዝ አደረገች።

«አንቺ፣ ዶሃ እኮ ነው የምትሄዱት። ሊባኖስ ለእስያ ዋንጫ ስትጫወት ልታዩ ነው። ማዳሞቻችን ሲያወሩ ሰምቻለሁ።»

ሲቲና ይባስ ግራ ገባት። «ሰው ለኳስ ብሎ አውሮፕላን ይሳፈራል? ደግሞስ እኔ ስታዲየም ገብቼ ምን ልሠራ?»

«የማዳምሽን ሕፃን ማን ይያዝላት? እናቱ ለጎል ስትጮህ ያለቅሳል።»

«ያኒ፣ ማለቴ፣ እሱን ሳባብል ጨዋታውን እንዴት አያለሁ?»

«አይዞሽ፣ እኔ በቴሌቪዥን አይቼ ስትመለሺ እነግርሻለሁ።»