ሮክ ግጥም አይቀበልም

ጥርባ ባንድ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አልበሙን ያወጣበትን ሃያኛ ዓመት ለማክበር በ2008 ዓ.ም. ጥር ወር የሙዚቃ ጉዞ ጀመረ። ጉዞ ሲባል እንጅባራና ዳንግላ ነው። ቻግኒም ልትጨመር ነበር፤ አዳራሹን ሠርግ ቀደመን።

ይሄይስ እባላለሁ፤ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ቤዝ ተጫዋች ሲኖር ማንም የማያየው፣ ሲቀር ደግሞ ማንም የት ገባ ብሎ የማይጠይቀው ሰው ነው። ስለዚህ ሌሎቹን ለመታዘብ ሰፊ ጊዜ አለኝ። ድራም የሚመታው ቢሻው ነው። ባንዱ ከተበተነ ወዲህ ዳንግላ ውስጥ ጋሪ ይነዳል፤ ዕድሜውን ከፈረስ ኮቴ ጋር ስለፈጀ አሁን የትኛውንም ዘፈን በሶምሶማ ነው የሚመታው። ዘፋኛችንና ሊድ ጊታር ተጫዋቻችን ደግሞ ደርበው ነው። ሁልጊዜ ጥቁር የቆዳ ጃኬት ይለብሳል። ጃኬቱ ከተገዛ ጀምሮ ሆዱ አድጓል፤ ጃኬቱ ግን ባለበት ቀርቷል።

ደርበው ለጉዞው አንድ ሕግ አወጣ፤ አልበሙ ልክ ካሴቱ ላይ እንዳለ ይቀርባል፣ ቃል አይጨመርም፣ ቃል አይቀነስም። ሰባተኛው ዘፈን ሲቀረጽ ቢሻው አስሎ ነበርና አሁንም እዚያው ቦታ ላይ እንዲያስል ታዘዘ። ከአምስተኛው ዘፈን በኋላ ደግሞ ካሴቱ የሚገለበጥበት ሰዓት ነው ተብሎ ሁላችንም ድርቅ ብለን እንቆማለን። እንጅባራ ላይ ሕዝቡ መብራት የጠፋ መስሎት ነበር፤ አምፖሉ ከራሱ በላይ እየበራ።

እውነቱን ለመናገር ግን ይህ ሁሉ ሽርጉድ ለሕዝቡ አልነበረም። ለአንድ ሰው ነበር፤ ለደርበው አባት ለአያ እንየው።

አያ እንየው ዘንገና አካባቢ የሚያርሱ፣ በፈረሰኞች ማኅበር ውስጥ ስማቸው በክብር የሚነሣ ሰው ናቸው። በ1987 ጥር ላይ፣ ፈረሰኛው ሁሉ ለጊዮርጊስ በሚወጣበት ሰሞን፣ ደርበው የአባቱን ፈረስ «ላጠጣው» ብሎ ይዞ ወጣ። ውኃው ዳንግላ ገበያ ነበር መሰለኝ፣ እዚያ ወስዶ ሸጠውና በገንዘቡ ኤሌክትሪክ ጊታር ገዛ። በዚያ ዓመት አያ እንየው በዓሉን በእግራቸው ወጡ። የአዊ ሰው ይህን ሲሰማ ማብራሪያ አይፈልግም። ለሌላው ልንገረው፤ እኩዮችህ ፈረሳቸውን አስጊጠው ሲጋልቡ አንተ ዳር ቆመህ አቧራቸውን ትውጣለህ፣ ሰውም ሁሉ ያይሃል። አያ እንየው የዚያን ዕለት እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ «ከዚያ ልጅ ጋር ቃል ብነጋገር ጊዮርጊስ ይፍረድብኝ» ብለው ማሉ።

መሐላቸውንም ጠበቁ። ደርበው በዓመት አንዴ ብቅ ሲል እናቱ እቴቴ ወርቅነሽ መሃል ይቀመጣሉ።

«ለሰውዬው ወንበር ስጪው» ይላሉ አያ እንየው በአገውኛ።

«ወንበር ላምጣልህ ልጄ?» ይላሉ እናት በአማርኛ።

«ሰውዬው ሳይመሽበት ይሂድ በይው።»

ሦስቱም ሁለቱንም ቋንቋ አሳምረው ያውቃሉ። ደርበው ግን ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት አድሮ አያውቅም።

ይቅርታ ጠይቆ ያውቃል ወይ እንዳትሉኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ መጀመሪያ ፈረሱን መሸጡን ማመን አለበት። እሱ ደግሞ ስለ ጊታሩ የጠየቀውን ሁሉ «አጎቴ ከጣሊያን ልኮልኝ ነው» ይላል። ደርበው አጎት የለውም። በጣም የምበሽቅበትም በዚህ ነው። «አባባ አንዴ ብቻ ይስሙት» አለኝ ከጉዞው በፊት። «ከዚያ ከፈለጉ ይርገሙኝ፤ ብቻ ራሳቸው በአፋቸው ይርገሙኝ።» ይህን ሲል ግን አሳዘነኝ።

እንጅባራ ላይ ከፊት ረድፍ አንድ ወንበር ለአያ እንየው ተያዘ። አልመጡም። የመጣው ሕዝብ ግን የእኛው አገር ሕዝብ ነው፤ ዘፋኝ ፊት ተቀምጦ ዝም ብሎ መስማት አያውቅበትም። ከመሃል አንዱ ይነሣና «ተቀበል!» ብሎ ሁለት መስመር ግጥም ይሰጣል፤ ዘፋኙም ቃል ሳያጎድል በዜማ መልሶ ይለዋል። ስድብ ቢሆንም ይለዋል። አዝማሪው ሁሉ የሚያድረው በዚህ ነው።

ሁለተኛው ዘፈን ላይ አንድ ጎልማሳ ተነሣ። «ተቀበል!»

ደርበው ጊታሩን አቁሞ ማይኩን ያዘ። «ወንድሜ፣ ይሄ ሮክ ነው። ሮክ ግጥም አይቀበልም።»

«ለምን? ጾም ላይ ነው?» አለ ሰውዬው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው ግጥሙን ሆዱ ውስጥ ይዞ የሚቀመጥ ዓይነት አልነበረም፤

«ሃያ ዓመት ሙሉ ምን ስትሠራ ኖረህ፣
ያንኑ ካሴት ይዘህ ዛሬም መጣህ ዞረህ!»

ደርበው ከንፈሩን ነከሰ። ሕዝቡ ይጠብቃል። ያኔ ከኋላዬ ቢሻው፣ በሕይወቱ ዘፍኖ የማያውቀው ቢሻው፣ በዚያ የጋሪ ነጂ ድምፁ ግጥሙን ተቀብሎ አንደቀደቀው። እንዲህ ያለ ጭብጨባ ባንዳችን ከተፈጠረ ጀምሮ አልሰማም።

ወደ ዳንግላ በሚኒባስ ስንሄድ ልንፈርስ ምንም አልቀረንም።

«ካሴቱ ላይ የሌለ ቃል ጨመርክ!» አለ ደርበው።

«የተሰጠ ግጥም መሬት አይወድቅም። ነውር ነው» አለ ቢሻው።

«የአርት ሥራ ነው እኮ!»

«ሳሌን አርት ያደረገው ማነው? ጉንፋን ይዞኝ ነበር!»

እኔ መስኮት መስኮቱን አየሁ።

የዳንግላው ዝግጅት እሑድ ከሰዓት፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነበር። ልንጀምር ስንል በበሩ የገባውን ሰው ሳይ ጣቴ ክሩ ላይ ቀረ። አያ እንየው ናቸው፤ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል፣ ዱላቸውን ይዘዋል፣ እቴቴ ወርቅነሽ ከኋላቸው ይከተላሉ። ቢሻው ለማንም ሳይናገር ከመናኸሪያ በጋሪው አምጥቷቸዋል። ከፊት ወንበር ተይዞላቸው ሳለ ከበሩ አጠገብ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

ደርበው ሲያያቸው የመጀመሪያውን ዘፈን ካሴቱ ላይ ካለው በጣም ከፍ አድርጎ ጀመረው። ሕጉን ራሱ አፈረሰው፤ ልናገረው አልደፈርሁም። አምስቱንም ዘፈኖች ግንባሩ ላይ ላብ እየወረደ ተጫወተ። አያ እንየው ቅንድባቸውን እንኳ አላነሡም።

ካሴቱ የሚገለበጥበት ሰዓት ደረሰ። ሁላችንም ጸጥ ብለን ቆምን። በዚያ ጸጥታ አያ እንየው በዱላቸው ተመርኩዘው ብድግ አሉ።

«ተቀበል!»

እቴቴ ወርቅነሽ በልማድ ሊተረጉሙ አፋቸውን ከፈቱና ምን እንደሚሉ ጠፋቸው። ቃሉ በቀጥታ ወደ ልጃቸው ነው የሄደው።

«ያን ፈረሴን ሽጠህ ይህን ከገዛህበት፣
አስጩኸው በደንቡ፣ ልስማው ካለሁበት!»

ዳንግላ ፈረሱ የተሸጠበት ከተማ ናት። አዳራሹ ሙሉ ወደ መድረኩ ዞረ። ደርበው ይህን ከተቀበለ የጣሊያኑ አጎት እዚያው መሞቱ ነው። ካልተቀበለ ደግሞ የአባቱ ቃል መሬት ላይ ይቀራል፤ ሌላ ቃል መቼ እንደሚያገኝ አይታወቅም። ከኋላ አንዱ «ሮክ ነው፣ አይቀበልም!» ብሎ ሳቀ። ደርበው ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ሰው ሲጨንቀው ወደ ቤዝ ተጫዋች ሲያይ ያኔ ብቻ ነው ያየሁት። «ተቀበላ!» አልሁት።

ወደ ማይኩ ተጠጋ።

«ያን ፈረስዎን ሽጬ ይህን ገዝቼበት…»

ሁለተኛውን መስመር ሊለው አልቻለም።

«ግጥሙ እንዲህ አይደለም! አበላሸው!» አለ ቅድም ከኋላ የሳቀው ሰው።

አያ እንየው ዱላቸውን ወደ ሰውዬው ቀሰሩ። «አንተ አርፈህ ተቀመጥ። አሁን ነው የተስተካከለ።»

ደርበው አፉ እምቢ ቢለው እጁ እሺ አለ። የድምፅ ማጉያውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞረና የቀሩትን ዘፈኖች የጣራው ቆርቆሮ እስኪንቀጠቀጥ ተጫወተ። ቢሻው ማሳሉን ረሳ። አያ እንየው ቆመው፣ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ እንደ ዋንጫ ደግነው፣ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ዕንባዬ መጣ፤ ምን እደብቃለሁ።

ሲያልቅ ደርበው እየሮጠ ወደ ውጭ ወጣ። አባቱ ጋሪው ላይ ሊወጡ ነበር።

«አባባ፣ እኔ እኮ…»

አያ እንየው ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ሰውዬው ወሬ አያብዛ በይው። መሐላ አለብኝ።»

«አሁን እኮ ተናግረኸዋል!» አሉ እቴቴ ወርቅነሽ። ንዴት ይሁን ደስታ እንጃ፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዷል።

«እሱ ግጥም ነው። ግጥም መሐላ አያፈርስም፤ ቄሱን ጠይቄያለሁ።»

ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካከሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ተቀበል» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«ቤቱም ያው ቤትህ ነው፣ በሩም አልተዘጋ፣
ዛሬማ አትመለስ፣ ከእኛው ጋራ ይንጋ።»

ደርበው ባዶ እጁን ነው፤ ጊታሩ መድረክ ላይ ቀርቷል።

«አልሰማሁም አባባ» አለ። «ይድገሙልኝ።»

ሰምቷል። እኔ ከእሱ ርቄ ቆሜ ሰምቻለሁ፣ የቢሻው ፈረስም ሳይሰማ አይቀርም። አያ እንየው ልጃቸውን ትክ ብለው አዩትና መስማቱን አወቁ።

«ተቀበል» አሉ እንደገና፣ ከመጀመሪያው ጀመሩለት።