መርዶዋን ማን ነገረ?

ሥጋው ደም ያንጠባጥብ ነበር። ገና እሳት በቅጡ ሳይነካው ከፍሙ አንሥታ፣ የቤቱ እመቤት ሚሪ በሳህን አፍንጫዬ ሥር አመጣችልኝ። እኛ ቤተ እስራኤሎች ጎንደር ሳለን ጥሬ ሥጋ ከሚበላ ቤት ውኃ እንኳ አንጠጣም ነበር። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ "ጠግቤያለሁ" አልኋት። ሳህኑን መሬት አስቀመጠችው፤ ውሻው ላሰው። ትንሽ ቆይታ በዚያው ሳህን ቲማቲም ከትፋ ይዛ መጣች።

"ኢንባር፣ ያንን እንዳትነኪ" አልኋት በአማርኛ።

"እማማ፣ በሞቴ፣ ፊትዎን አያኮሳትሩ። አለቃዬ ናት እኮ!"

ኢንባር የልጄ የማንተገብሽ ልጅ ናት፤ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ከትምህርት ቤት መልስ ቢሉ ሴንተር ከሚባለው የገበያ አዳራሽ ጫማ ትሸጣለች፤ የሱቁ አለቃ ይህች ሚሪ ናት። ሚሪና ባሏ ወዳጆቻቸውንም ጨምሮ ሁሉም ኀምሳ ያለፋቸው ሰዎች ናቸው። በወጣትነታቸው አንድ የእንግሊዝ ባንድ ባሕር ተሻግረው ይከተሉ ነበር አሉ። የባንዱ ስም ሲተረጎም "የብረት በቅሎ" ማለት ነው አለችኝ ኢንባር። አሁን እነዚያ ዘፋኞች አርጅተው፣ ጥርሳቸው ረግፎ፣ ቴል አቪቭ ሊዘፍኑ ይመጣሉ። ኢንባርም ካርቲስ፣ የመግቢያ ቲኬት፣ ገዝታለች፤ ከነሚሪ ጋር ከመድረኩ ሥር፣ ከብረት አጥሩ ጋር ተጣብቃ ልትቆም።

እኔ የሰው ጎርፍ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል የመጣን ዕለት ልጆቼን በመቀነቴ እርስ በርስ አስሬ ነው አውሮፕላን የገባሁት። ማንተገብሽ "እማዬ፣ ልጅቷን ተያት፣ ዘመኑ ሌላ ነው" ብትለኝም እንቅልፍ እምቢ አለኝ። "ሰዎቹን በዓይኔ ሳላይ አትሄድም" አልሁ። ይኸው ዓርብ ቀትር ላይ፣ ሻባት፣ ሰንበታችን፣ ሳይገባ እንመለሳለን ብለን፣ ነስ ጺዮና ከተማ እነሚሪ ግቢ ተቀምጫለሁ።

የሚሪ ባል ሽበቱን እንደ ፈረስ ጭራ ከኋላው አስሮታል። ሌላው ጓደኛቸው ቦርጫም ነው፤ የባንዱ ሥዕል ያለበት ካናቴራ እንብርቱ ላይ ደርሶ ቀርቷል። ሸክላው ይዞራል፣ ይጮኻል፤ እነሱም በላዩ ላይ ይጮኻሉ። ዕብራይስጤ ገበያ የሚያደርስ ስለሆነ ያልገባኝን ኢንባር በጆሮዬ ትነግረኛለች።

"ጭቃው እስከ ጉልበት ነበር" አለ ባለ ጭራው፣ ያኔ እንግሊዝ አገር ያዩትን ኮንሰርት ሲያነሣ። "ገላችንን ሳንታጠብ፣ ልብስ ሳንቀይር እዚያው ሰነበትን። ዘፋኙ ወይኑን ይጎነጭና ሕዝቡ ላይ ይተፋዋል!"

"እኛ ደግሞ አፋችንን ከፍተን!" አለች ሚሪ አፏን እንደ ወፍ ጫጩት ወደ ሰማይ እያንጋጠጠች። "ፊቴ ላይ ወረደ! ሳምንት ሙሉ ፊቴን አልታጠብኩም።"

"አንቺ ፊትሽን፤ እኔ የጠጣበትን ጠርሙስ ልሼዋለሁ" አለ ቦርጫሙ። ተሳሳቁ።

የሰው ምራቅ! ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብሁት። የባዕድ ሰው ምራቅ ጠብታ የነካው ልብስ ወንዝ ወርዶ የሚታጠብበት አገር ነው ያደግሁት፤ እነዚህ እንደ ጸበል ተቀበሉት።

"ሚሪን ንገሪያት" አልኋት ኢንባርን፤ "እናትሽ ይህን አለመስማቷ በጃት በያት።"

ኢንባር ወደ ሚሪ ዞራ በዕብራይስጥ "ሳቭታ ግቢያችሁ ያምራል ትላለች" አለች፤ ሳቭታ አያቴ ማለት ነው።

"ግቢው ከየት መጣ?" አልኋት።

"እማማ፣ ዝም ይበሉ!" ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችው።

ሚሪ ደስ ብሏት ሌላ ሥጋ አመጣችልኝ።

ከዚያ ቦርጫሙ ተነሣ። የሚተርከውን ሁሉም የሚያውቁት መሆኑን ከዓይናቸው አየሁ፤ ሕፃን ተረት ሲጠብቅ እንደሚቁለጨለጨው ሆኑ።

"ለንደን ነው" አለ። "ከጦር ሠራዊት በወጣሁበት ዓመት። ጊታሪስቱ ገና ክሩን ሲነካው ሕዝቡ ከኋላ ገፋ። አንዲት ቀይ ሹራብ የለበሰች ልጅ ፊት ለፊቴ ነበረች፤ አጥሩ ላይ ተጣበቀች፣ ከዚያ ወደቀች። አነሣናትና በራሳችን ላይ፣ ከእጅ ወደ እጅ፣ ወደ ኋላ አሳለፍናት። አንድ እግር ጫማዋ እጄ ላይ ቀረ!"

"ቀጥል፣ ቀጥል!" አለች ሚሪ።

"ወረወርሁት ወደ መድረኩ! ዘፋኙ ቀለበው፣ ወይን ሞላበት፣ ግጥም አድርጎ ጠጣበት!"

አጨበጨቡ። ባለ ጭራው ጉልበቱን እየመታ አለቀሰ፤ ከሳቅ ብዛት።

ኢንባር ግን አልሳቀችም። "ልጅቷስ?" አለች።

"የትኛዋ?"

"ባለ ጫማዋ።"

"እንጃ" አለ ቦርጫሙ። "በማግስቱ አንዲት ልጅ ሞተች የሚል ወሬ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ነበር። እሷ ትሁን ሌላ ማን ያውቃል? ግን የዚያን ቀኑ የጊታር ጨዋታ..." ዓይኑን ጨፍኖ ሆዱን እንደ ጊታር ይመታው ጀመር።

አፌ ውስጥ እሬት እሬት አለኝ። ጭቃውንም ምራቁንም ረሳሁት።

"ኢንባር፣ የማን ልጅ ናት በያቸው።"

ሳህኑን ወደ ጎን ገፋች።

"በያቸው አልሁሽ፤ እንዳታለሰልሺው ደግሞ። መርዶዋን ለእናቷ ማን ነገረ?"

"እማማ፣ መርዶን በዕብራይስጥ እንዴት ልበለው?"

"እንግዲያው አስረጂያቸው።"

ኢንባር ልጅ ሳለች አይታዋለች። ወንድሜ ተገኘ አገር ቤት የሞተ ጊዜ ሽማግሌዎች ሰብሰብ ብለው፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ እህል ሳልቀምስ ነው በሬን ያንኳኩት። ዘመድ ከበበኝ፣ ሴቶቹ ክንዴን ያዙኝ፣ ከዚያ ነው አንዱ አንደበቱን የከፈተው። ሰው ወድቆ ሰው ካልነገረለት ሁለቴ ሞተ ማለት ነው። እናቱም በር በሩን እያየች ትኖራለች።

ኢንባር ይህን ሁሉ ነገረቻቸው። እኔ ካልሁትም በላይ ሳትጨምር አልቀረችም። ሸክላው አልቆ መርፌው ብቻውን ይፍቅ ነበር። ቦርጫሙ እጁን ከሆዱ ላይ አነሣ።

"ሳቭታ" አለች ሚሪ በመጨረሻ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው፤ "ሠላሳ ዓመት አለፈው እኮ። ያኔ ልጆች ነበርን። ስለ ኢንባር እንደሆነ አትፍሪ፣ እኛ እንጠብቅልሻለን። እንደ ልጃችን ነው የምናያት።" የሥጋ ስብ የተቀባ እጇን በኢንባር ትከሻ ላይ ጣለች። ባለ ጭራው ሸክላውን ገለበጠው፤ ጩኸቱ እንደገና ተነሣ።

ያንን እጅ አየሁት። የሚጠብቁልኝ እነዚህ ናቸው! በቅሎ እንኳ፣ እውነተኛዋ በቅሎ፣ የወደቀ ሰው አትረግጥም፤ እግሯን አንሥታ ትሻገረዋለች።

"ያላ፣ እንሂድ፤ ሻባት ሊገባ ነው" ብዬ ተነሣሁ።

አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ኢንባር ፊቷን አዞረችብኝ።

"አሳፈሩኝ። ከሥራ ብታስወጣኝስ?"

"ጥንቅር ይበል ሥራው። አንቺ ከምትረገጪ።"

"ደግሞ እሄዳለሁ እማማ። ካርቲሱን በራሴ ደመወዝ ነው የገዛሁት።"

"ከነዚህ ጋር?"

አውቶቡሱ መጣ፣ ተቀመጥን፣ ሰፈራችን ማርሞሬክ እስክንደርስ በመስኮቱ ስታይ ቆየች። ልንወርድ ስንል፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ፣ "የጫማዋ ቁጥር ስንት ነበር ይሆን?" አለች።

የኮንሰርቱ ቀን እስኪደርስ ሰውነቴ አለቀ። ለማንተገብሽ ተናገርሁ፤ ከፈረቃዋ ደክማ መጥታ "እማዬ፣ ብከለክላት ተደብቃ ትሄዳለች" አለችኝ። እውነቷን ነው። ኢንባር ከክፍሏ ልጅ ከኖያ ጋር ወጣች፤ እነሚሪን እዚያ እንደምታገኝና እንደማታገኝ አልነገረችኝም። እኔም ክፉ እሰማለሁ ብዬ ፈርቼ አልጠየቅሁም። ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ።

ጀንበር ስትጠልቅ ጮኸ።

"እማማ! ይሰማዎታል?"

ሺህ ድስት በደረጃ ላይ ሲንከባለል ሰማሁ። "ለዚህ ነው ሰው የሚሞተው?" አልሁ።

"ምን አሉ?"

"የት ነሽ?"

"ከኋላ፣ ሣሩ ላይ! ሚሪ ፊት ሄደች፤ ነይ ብትለኝ እምቢ አልኋት። እማማ፣ ይስሙኝ። በቀኜ ኖያ ናት። በግራዬ አልሞግ የሚባል ልጅ አለ፣ የነስ ጺዮና ነው። ከፊቴ ያለችው ኖይ ናት፤ እናቷ ሀና ትባላለች። ስማቸውንም፣ የማን ልጅ እንደሆኑም ሁሉንም ጠየቅኋቸው። የእኔንም ነገርኋቸው።"

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት።

"የእናትሽንስ?"

"እሷንም። ማንተገብሽ ማለት ከበዳቸው፤ ሦስቴ አስባልኋቸው።"

"አራተኛ አስብያቸው።"

"እማማ!"

"አስብያቸው አልሁሽ። እኔ እንድሰማ።"

በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል፣ አንድ የወንድ፣ አንድ የሴት ድምፅ የልጄን ስም እያነከሱ ሲጠሩት ሰማሁ። ቆይቶ ዘፋኙ፣ ያ ምራቀኛ ሽማግሌ፣ መጮህ ጀመረ፤ ሕዝቡም አብሮት።

"ልዝጋው እማማ?"

"አትዝጊው" አልኋት። ስልኩን ከጆሮዬ ትንሽ ራቅ አድርጌ፣ ያንን ቅራቅንቦ እያዳመጥሁ ቆየሁ።