ወገባቸው ያልተለካ ተከታዮች

ሁለቱ እህትና ወንድም ናቸው፤ ታላቋ እህት ልብስ ሰፊ ናት። የምትሰፋው ግን ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ የሚሸጠው ልብስ እንቢ ላላቸው ሰዎች ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚውል ሰው ሱሪውን ከኋላ ከፍ፣ ከፊት ዝቅ አድርጋ ትቆርጠዋለች። የኋላ ኪስ አታደርግለትም፤ ቀኑን ሙሉ ሲቀመጡበት ስፌቱ ቆዳ ይልጣል። ክራንች ለሚይዝ ደግሞ ሸሚዙን ብብቱ ላይ ትደርበዋለች። ይህን ማንም አላስተማራትም። አባታቸው ወድቀው ወገባቸው ከተጎዳ በኋላ፣ ለእሳቸው ስትሰፋና ስትፈታ ነው የለመደችው።

ወንድሟ ስልክ ጠጋኝ ነው። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ገጽ የከፈተላትም እሱ ነው። ሦስት መቶ አርባ ተከታይ ነበራት፤ እሷ በዚያ ደስተኛ ነበረች፣ እሱን ግን ውስጥ ውስጡን ይበላው ነበር። ተራ ቲሸርት የሚቸረችር ሁሉ መቶ ሺህ ተከታይ ሲኖረው፣ እንዲህ ያለች ባለሙያ ማን ያውቃታል? አንድ ቀን ሳያማክራት ሃያ ሺህ ተከታይ ገዛላት፤ በየፎቶው ላይ የሚዘንብ ላይክም ጨመረበት።

በማግስቱ ጠዋት የስፌት ክፍሏ ድረስ ሄዶ ስልኩን ዘረጋላት።

«እዪ እስቲ፣ እትዬ። ሃያ ሺህ ሰው ነው።»

መነጽሯን አደረገች። «እስቲ አንዱን አሳየኝ።»

ከፈተላት። ፎቶ የለውም፤ ስሙ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ነው። ሁለተኛው ላይ የአበባ ሥዕል ብቻ አለ።

«የዚህ ሰውዬ ወገቡ ስንት ነው?» አለችው።

እሱ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። «ሰው ቁጥሩን አይቶ ይመጣል፣ እትዬ፤ ዘመኑ እንዲህ ነው» ሲላት ወደ ስፌት መኪናዋ ዞር ብላ መስፋቷን ቀጠለች። አለመከልከሏን እሺታ አድርጎ ወሰደው።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አዲስ ሱሪ ስትለጥፍ ላይኩ በሺህ ይቆጠራል፤ ጠያቂ ግን የለም። ድሮ «እጇ ለሚንቀጠቀጥ እናቴ ቁልፉ ምን ይሁን?» የሚል አይጠፋም ነበር። አሁን ገጹ ጭር አለ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የቆዩ ደንበኛዋ፣ ጡረታ የወጡት መምህር፣ ወንበራቸውን እየገፉ ገቡ።

«የዘጋሽ መስሎኝ ነበር፣ ልጄ። ስልኬ ላይ ካየሁሽ ስንት ጊዜዬ።»

ወንድምየው የቻርጀር ገመድ ሊቀይርላት መጥቶ እዚያው ነበር። ነገሩ ወዲያው ገባው። መተግበሪያው ልጥፏን ለእነዚያ ለተገዙት፣ ለማያነቡት ተከታዮች ሲያድል፣ ለእውነተኞቹ መድረሱን ትቷል።

መምህሩ እንደወጡ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። «እኔ ነኝ ያበላሸሁብሽ» አለ።

«ለእኔ ብለህ እኮ ነው» አለችው። «ይልቅ ማጥፋት ይቻላል?»

«ይቻላል። ግን በእጅ፣ አንድ በአንድ ነው።»

«እንግዲያው ከየት እንጀምር?»

ከማጥፋቷ በፊት ግን ገጿ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ሃያ ሺህ የሚለው ቁጥር ውሸት ነው፤ በገንዘብ የመጣ ነው። እውነተኞቹ እናንተ ሦስት መቶ አርባዎቹ ናችሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

«ይሄን ካወጣሽ መሳቂያ ትሆኛለሽ» ብሎ ለመናት።

«ልሁን። የሚለብሱልኝን ሰዎች ዋሽቼ ከማፍር ይሻላል።»

የሳቁባት አልጠፉም። ማን እንደገዛቸው ግን አንድም ቦታ አልጻፈችም፤ ሲጠይቋትም «የእኔ ገጽ ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው» ትላለች። ወንድሟ ይህን በሰማ ቁጥር ይገርመዋል። ሲያድጉ ቁጥብ፣ እንዲያውም ፈሪ ትመስለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ምሳቸውን እንደበሉ ጎን ለጎን እየተቀመጡ ያጠፉ ጀመር። እሱ ሲያጠፋ፣ እሷ የልኬት ደብተሯን ከፍታ ለደንበኞቿ ትደውላለች። «ያ ሱሪ ጉልበትህ ላይ አልያዘህም?» ትላለች፤ ስለ ገጹ የምታነሳው መጨረሻ ላይ ነው። ሁለት ወር ፈጀባቸው። እውነተኛ ሰዎችም በስህተት አብረው ጠፉ፤ የተቀየሙም ነበሩ። ሲጨርሱ የቀሩት ሁለት መቶ ዘጠና ነበሩ።

ሥራው አልጎረፈም። ግን ጥያቄው ተመለሰ። መምህሩ ጽሑፏን ለሚያውቋቸው ሁሉ አሰራጭተውት ኖሮ፣ አንዲት እናት የድምፅ መልእክት ላከች፤ ልጇ የሚሠራለት አንድ እጁ ብቻ ነው፣ የትምህርት ቤት ጃኬቱን ራሱ መዝጋት ይፈልጋል።

እህትየው ሁለቴ ሰማችው። ከዚያ የዚፕ ሳጥኗን አወረደችና ቀኝ እጇን ከኋላዋ ደብቃ በግራዋ ብቻ ዚፕ ለመዝጋት መሞከር ጀመረች። ዚፑ እያመለጣት ደጋገመችው። ወንድሟ ሥራውን ረስቶ ያያታል፤ ሰው እንዴት እንዲህ ይሆናል እያለ።

«ምን ታየኛለህ?» አለችው ዚፑን ሳትለቅ። «መልስላት እንጂ። የሚሠራለት የትኛው እጁ እንደሆነ ጠይቅልኝ።»