ያልተላከው መዝገብ

የመሥሪያ ቤታችን አዲስ ስርዓተ ክወና የመጀመሪያ የሙከራ ቅጂ ለሃምሳ ፈቃደኞች ሲታደል፣ አንዱን በአባቴ ኮምፒውተር ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩን ከነፕሮግራሞቹ የሚያንቀሳቅሰው ይኸው ሶፍትዌር ገና ያልጠና በመሆኑ፣ በሥራ መካከል ሊወድቅ እንደሚችል አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር። የፈቃደኞቹ ግዴታ አንድ ብቻ ነው፤ ከመዝጋታቸው በፊት ስክሪኑ ላይ ብቅ ለሚለው «ዛሬ እንዴት ዋሉ?» ለሚል ጥያቄ መልስ መስጠት። ጥያቄውን የጻፍኩት እኔው ነበርኩ፤ ወዳጃዊ ይሁን ብዬ።

አባቴ ስድስት ሳምንት ሙሉ «እጅግ ደህና፣ ተመስገን» እያሉ ላኩ። ባልደረቦቼ ይህን እያነበቡ ይስቁ ነበር፤ እንደ አባትሽ ያለ ፈታኝ ይብዛልን፣ ወድቀንም ያሳልፈናል ይሉኛል።

ቅጂው ጸንቷል ተብሎ ለሕዝብ እንዲለቀቅ የምፈርመው እኔ ነኝ። የፊርማው ቀጠሮ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር፤ የሃምሳውም ሰው መልስ እንከን አልነበረውም። ያን ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ አባቴ ዘንድ ጎራ አልኩ።

አባቴ አርባ ዓመት የአየር ሁኔታ ጣቢያ ተመልካች ነበሩ፤ አሁን የጣቢያቸውን ታሪክ ይጽፋሉ። ስመውኝ ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱና ሁለት ቃል እንደጻፉ ቆም አሉ። ጣቶቻቸው ኪቦርዱ ላይ እንዳሉ ረጅም ጊዜ ቆዩ። ቃል የጠፋባቸው መስሎኝ ነበር። እንደገና ሊጽፉ ሲጀምሩ ስክሪኑ ድርግም ብሎ ጠፋ።

አልደነገጡም። የግድግዳውን ሰዓት አዩ፣ ከመሳቢያ ደብተር አውጥተው አንድ መስመር ጻፉ፣ ኮምፒውተሩን አስነሱና የጠፋውን ገጽ ከትዝታቸው መልሰው መጻፍ ጀመሩ።

ደብተሩን ለመንኳቸው። ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃ፣ የጠፋው መስመር ብዛት፤ ሁሉም በተሰመረ ረድፍ፣ ዝናብ ሲለኩ በኖሩበት የእጅ ጽሕፈት። ውድቀቶቹ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ነበሩ። «ከመውደቁ በፊት» በሚለው የመጨረሻ ዓምድ ከላይ እስከ ታች ማለት ይቻላል «ቆም ብዬ ሳስብ ነበር» ይላል።

«አባባ፣ ይህን ሁሉ እያዩ ለምን ደህና ነው ይላሉ?»

«የጠየቀኝ እንዴት ዋሉ ብሎ ነዋ። እንዴት ዋሉ ላለ ሰው ጉድ ይዘረገፋል እንዴ?» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ የልጄ ሥራ ነው። ገና ወፌ ቆመች የሚባልለትን፣ ወደቀ ብዬ ለአለቆችሽ ላሳጣው?»

ደብተሩን እንደያዝኩ ነገሩ ገባኝ። ሌሎቹ ፈቃደኞች ጣታቸው የማያርፍ ወጣቶች ናቸው፤ ቅጂው ግን የሚወድቀው ጥቂት ካረፈ በኋላ ሲነቃ ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ ስንት ሰው ቃሉን ሲመዝን ገጹ ሊጠፋበት እንደነበር አሰብኩ።

ለክፍላችን ኃላፊ ደውዬ፣ የአባቴን ደብተር አንስቼ እንደማልፈርም ነገርኳቸው። የሃምሳ ሰው መልስ ይዘሽ በአንድ ሽማግሌ ደብተር ታፈርሻለሽ ወይ ብለው ተቆጡ። የውድቀቱን ቁጥር ስነግራቸው ግን ቁጣቸው በረደ።

«ምን ሲሠሩ ነው የሚወድቀው?»

«ሲያስቡ።»

«ለዚህ ነዋ እኛ ጋ ያልወደቀው» አሉና የሚለቀቅበት ቀን እንዲራዘም ተስማሙ፤ ደብተሩንም ይዤ እንድመጣ አዘዙኝ።

አባቴ እስከ በር ሸኙኝ። ጎድቼሽ ይሆን ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ደግፈው ያቆሙት እርስዎ ነዎት አልኳቸው፤ ያመኑኝ ግን አልመሰለኝም።

ታክሲ ውስጥ ደብተሩን ገልጬ፣ እኔ ፊት የጻፏትን መስመር አነበብኩ። ሰባት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ። የጠፋ፦ አሥራ አንድ መስመር። ከመውደቁ በፊት፦ ልጄ ምሳ በልታ እንደሆነ ሳስብ ነበር።