የጭሱ ሻይ

አንጋፋው ነጋዴ ሀጂ ፈርሀት «ይሄ ሻይ ነው» ካሉ የመርካቶ ቅመም ተራ ሁሉ ያንኑ ያስመጣል፤ «ይሄስ አይሆንም» ካሉ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ምላሳቸው ይህን ሁሉ ሥልጣን ከየት እንዳገኘ የጠየቀ የለም። ኢክላስም እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ አልጠየቀችም።

አባቷ ዘይኑዲን ለቅመማ ቅመም ሱቃቸው የቻይና ሻይ ሊያስመጡ አስበዋል። የትኛው እንደሚመጣ እሷ ትምረጥ ብለው ፈቅደውላታል፤ ምርጫዋን ሀጂ ካልተቀበሉት ግን ሻዩም ይቀራል፣ እሷም ዱባይ ተራ ወንድሟ ጋ ጫማ ወደ መሸጥ ትመለሳለች። ጫማ መሸጥ ደግሞ አንገሽግሿታል።

ናሙናው ሦስት ዓይነት ነው። ኪሙን የሚባለው ቀለል ያለ፣ አበባ አበባ የሚል፤ ዩናን የሚባለው ወፈር ያለ፣ ማር ማር የሚል፤ ሦስተኛው፣ ላፕሳንግ የሚሉት፣ በጥድ ጭስ የደረቀ። ይህንን መጀመሪያ የቀመሰች ቀን «ተቃጥሎባቸው ነው የላኩልን» ብላ ልትደፋው ነበር። ምን ታድርግ፣ እስከዛሬ የምታውቀው ሻይ ቅርንፉድና ቀረፋ የፈላበት፣ ስኳር የበዛበት ነው። በማግስቱ ግን ያው የጭስ ጣዕም አማራት። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹ ሁለቱ አላረኳትም።

በዚያ ቅዳሜ ሀጂ ሊቀምሱ ሱቁ መጥተው ተቀመጡ። እንደ ልማዳቸው በሦስቱም ብርጭቆ ስኳሩን ቆለሉበት፣ ቀረፋ ነከሩበት፣ አማስለው ፉት ፉት አሉ።

«ሁሉም አንድ ነው። ርካሹን አምጡ።»

የኢክላስ ደም ፈላ። ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ደፋቻቸው፤ እንደገና ቀዳች፤ የስኳሩን ዕቃ አንስታ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ለእንግዳ ሻይ አቅርቦ ስኳር መከልከል መርካቶ ውስጥ ከስድብ ይከፋል። የአባቷ ፊት ተለዋወጠ።

«ስኳሩን አውርጂ!»

«አላወርድም። ሀጂ የቀመሱት ስኳሩን ነው። አሁን ሻዩን ይቅመሱ።»

ሀጂ ለአባቷ ሲሉ የጭሱን አንስተው አንዴ ፉት አሉ። ፊታቸው ተጨማደደ። «ይሄ ከሰል ነው! ዘይኑዲን፣ ልጅህን ያዝ» ብለው ተነስተው ወጡ።

«ተከተያቸውና ይቅርታ ጠይቂ» አሉ አባቷ።

«ስኳሩን ስለከለከልኳቸው እጠይቃለሁ፣ ነውር ሠርቻለሁ። ስለ ሻዩ ግን አልጠይቅም። እሳቸው ጠሉት፣ እኔ ወደድኩት። ምረጪ ተባልኩ፣ መረጥኩ። የሳቸው ምላስ ምላስ ከሆነ የኔም ምላስ ነው።»

ዘይኑዲን ሀጂ የተዉትን ብርጭቆ አነሱ። ቀመሱ፤ ደግመው ቀመሱ። ወደዱት ይሁን ጠሉት ከፊታቸው አይነበብም።

«እሺ፣ ላስመጣው። ካልተሸጠስ ማን ይጠጣዋል?»

«እኔ!» አለች ኢክላስ። «ኩንታሉን ሙሉ፣ እዚሁ ሱቁ በር ላይ ተቀምጬ፣ ሀጂ እያዩኝ!»