ሞተር አሳልፎ ክላይቭን የከለከለው ብረት

ግሌንዳ ታስከር እዚያ ብረት ፊት ስትቆም የዛሬው ሦስተኛዋ ነው። በመጋቢት ከባሏ ጋር መጡ፣ አላሳልፍ አላቸው፣ ተመለሱ። በግንቦት መጡ፣ አላሳልፍ አላቸው፣ ተመለሱ። አሁን ሐምሌ ነው፤ ብረቱ እዚያው አለ። እንዲያውም ቀለም ተቀብቷል። አረንጓዴ።

ባሏ ክላይቭ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌቱ ላይ እንደተቀመጠ ብረቱን ያየዋል። ካቻምና ስትሮክ ግራ ጎኑን መትቶታል። በምርኩዝ አሥር እርምጃ የማይሞላ ሰው፣ ግራ እግሩን ከፔዳሉ ጋር ካሰሩለት ግን ማይል በማይል ላይ ይደርባል። መኪና መንገድ ላይ አይሞክረውም፤ እዚያ ጤነኛውም ሰው ይጨፈለቃል። ያለው ይሄ ድሮ ባቡር ይሄድበት የነበረው መንገድ ብቻ ነው። ሐዲዱ ከተነቀለ ወዲህ የብስክሌትና የእግረኛ ሆኗል። ባቡር ዳገት ስለማይወድ መንገዱ ሜዳ ነው። ከሰፈራቸው ተነስቶ ዘጠኝ ማይል ሄዶ የዊከርሊ የድሮ ጣቢያ ላይ ያልቃል፤ ጣቢያው አሁን ሻይ ቤት ነው። ክላይቭ ከመታመሙ በፊት በየእሑዱ እዚያ እየነዳ አንድ ማንቆርቆሪያ ሻይ በኬክ ይጨርስ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ከመውጣታቸው በፊት አንድ ካርድ ጻፈ። በቀኝ እጁ፣ ጊዜ ወስዶ፣ በሚያምር ፊደል። «የሚሸጥ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት፤ ብዙ ያልተነዳ።» ደረት ኪሱ ከተተውና ዛሬም ካላለፍን ስመለስ የሱቁ መስኮት ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ የብስክሌት ነገር እንዳታነሺብኝ አላት። ግሌንዳ ሠላሳ አንድ ዓመት አብራው ኖራለች። ሲያኮርፍ ታውቃለች፣ ሲቆርጥም ታውቃለች። የዛሬው መቁረጥ ነው። ብስክሌቱ ከተሸጠ ቤታቸው መስኮት ሥር ያለው ወንበር ክላይቭን መልሶ እንደማይሰጣት አልጠፋትም። አባቱንም የወሰደው እንዲህ ያለ ወንበር ነው።

ብረቱ ሁለት ምሰሶ ነው። በመሀሉ ቀጭን ሰው ሆዱን ስቦ፣ ብስክሌቱን በኋላ ጎማው አቁሞ እየገፋ ያልፋል። የተተከለው ሞተር ብስክሌት እንዳይገባ ነው። የክላይቭ ብስክሌት ግን ከክፍተቱ በሁለት ስንዝር ይሰፋል። ከግንቦት በኋላ ግሌንዳ ለመንገዱ ወዳጆች ማኅበር ደብዳቤ ጽፋ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት መልስ መጣ፤ ስለ ጻፉልን ከልብ እናመሰግናለን፣ ማገጃው በቅርቡ ይታደሳል የሚል። እድሳቱ ቀለም ነው ለካ።

ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሰው በብስክሌት መጥቶ ወረደ። ሚስተር ፖኮክ ይባላል፣ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር፣ የማኅበሩ በጎ ፈቃደኛ። ይቅርታ ሳይል እጁን የማያንቀሳቅስ ሰው ነው። ይቅርታ ብሎ ሜትር አወጣ፤ ይቅርታ ብሎ ክፍተቱን ለካ፤ በፕላኑ መሠረት አንዲት ጣት እንኳ እንዳልሳተ ነገራቸው። ቀጥሎ የክላይቭን ብስክሌት ለካና፣ አዝኖ፣ የሰፋው ብስክሌቱ መሆኑን ነገራቸው።

በጎን ያለችው ተከፋች በርስ ብላ ጠየቀችው ግሌንዳ። እሷማ ቁልፍ አላት አለ። ቁልፉ የማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ ነው። ጸሐፊዋ እስከ ሐሙስ ዌልስ እህቷ ጋ ናት። ደግሞም ቁልፍ ለመዋስ ቅጽ ይሞላል፤ ቅጹም አምስት የሥራ ቀን ይፈልጋል።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል። መንታ ልጆች በጋሪ የምትገፋ እናት፣ ሁለት ሽማግሌ ብስክሌተኞች፣ አንዲት ከፈረሷ የወረደች ሴትዮ። ሁሉም ተራውን ይጠብቃል። እናትየው ግዴለም፣ አትቸኩሉ እያለች ሰዓቷን ታያለች። ግሌንዳ ቢጮሁባት ይሻላት ነበር። የሚጮህ ሰው መልስ ይሰጡታል፤ ለሚታገስ ሰው ምን ይባላል?

ያን ጊዜ ከወደ ማሳው ሞተር ብስክሌት እያጓራ መጣ። ነጂው ሰልፉን ሲያይ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ በጨዋ ደንብ እጁን አነሳ፣ ከብረቱ ጎን ባለው የቁጥቋጦ አጥር ቀዳዳ ሾልኮ በወዲያ በኩል ወጣና እብስ አለ። ጭሱ አረንጓዴውን ቀለም ዳስሶት አለፈ።

 ፈረሱ አነጠሰ።

«ሚስተር ፖኮክ፣» አለች ግሌንዳ፣ «ይሄ ብረት ምን ለመከልከል ነው የተተከለው?»

«ሞተር ብስክሌት ነው፣ ሚስስ ታስከር።»

«አየሁት፣ እንዴት እንደፈራው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳል አስመስሎ ሳቀ። ክላይቭ ግን አልሳቀም። ቀኝ እጁን ደረት ኪሱ ላይ አደረገ። «ግሌንዳ፣ መልሺኝ፤ ሰው አናስቁም» አለ ቀስ ብሎ።

«አንተ ደግሞ ዝም በል» አለችውና ወደ ቀዳዳው ሄደች። ሞተሮቹ ሲመላለሱ አስፍተውታል፤ ጋሪም ያሳልፋል። ግራና ቀኙ ሳማ ነው፤ መሀሉ ላይ ጭቃ የያዘ ቦይ አለ። የኋላውን ጎማ የሚያነሳ ሰው ብቻ ነው የሚጎድለው። ተመልሳ ፖኮክን ያዝ ያድርጉልኝ አለችው።

እሱም ይቅርታ ጠየቀ። ቢሆንለት ደስ ይለው ነበር። ነገር ግን ቀዳዳው የገበሬው መሬት ነው፤ እሱ ደግሞ ሰደርያውን ለብሶ ሳለ ማኅበሩ ማለት ነው፤ አንድ ነገር ቢሆን የማኅበሩ ኢንሹራንስ አይሸፍንም።

እዚህ ላይ የግሌንዳ አንቱታ አለቀ። «እንግዲያው አውልቃት» አለችው።

ፖኮክ ሰልፉን አየ፤ ሰልፉ ጫማውን አየ። ብረቱን አየ፤ ከዚያ ክላይቭን፣ ኪሱ ላይ ያረፈችውንም እጅ አየ። ሰደርያውን አወለቀ፣ አራት አጠፈው፣ ምሰሶው ላይ ሰቀለው።

«አሁን ወጣ ያልኩ መንገደኛ ነኝ» አለ፤ ይቅርታ ግን አላለም።

ክላይቭን ብስክሌቱን ባዶ እናሳልፈው፣ አንተን ደግሞ ደግፈን እንውሰድህ ቢሉት እምቢ አለ። እኔ ነኝ የምነዳው አለ። እናም እሱ እየነዳ፣ ፖኮክና አንዱ ሽማግሌ ከኋላ እያነሱ፣ ግሌንዳ ከፊት መሪውን እየጎተተች ገቡበት። ፖኮክ ቁምጣ ለብሶ ስለነበር ሳማው እግሩን ፈጀው። ቦዩ ላይ ጎማውን ጭቃ ዋጠውና ሰንሰለቱ ወለቀ። ግሌንዳ ተራገመች፤ ባለፈረሷ ሴትዮ ያልሰማች መሰለች። ክላይቭ ፊቱ ቀልቶ፣ ጥርሱን ነክሶ ደህናውን እግሩን ገፋ፤ ሰንሰለቱ ባዶ ዞረ። ግሌንዳ ተንበርክካ በጣቷ መለሰችው፤ ጭቃ ለብሶ ስለነበር ቀና ብላ ከክላይቭ ደረት ኪስ ያገኘችውን መዝዛ ጠረገችበት። እሱ ዓይኑ ወዲያ ማዶ ስለነበር አላየም። ሁለተኛ ሲገፋ ጎማው ነከሰ፣ ብስክሌቱ ተወዛወዘ፣ ወጣ።

የመንታዎቹ ጋሪና ፈረሱ በቀዳዳው ተከተሏቸው፤ የቀረው ሰልፈኛ በብረቱ መሀል አንድ በአንድ፣ ሆዱን እየሳበ አለፈ። ግሌንዳ ከቦዩ ዳር የሳማ ማብረጃ የሆነውን የቱልት ቅጠል ቀጥፋ ሳማ የፈጀውን እግርህን እሽበት ብላ ለፖኮክ ሰጠችው። ከዚያ እስከ ዊከርሊ ስንት እንዲህ ያለ ብረት እንደቀረ ጠየቀችው።

«አራት፣» አለ እያሸ። «ሁሉንም የተከልኳቸው እኔ ነኝ።»

ግሌንዳና ክላይቭ መንገድ ጀመሩ። ፖኮክም ሰደርያውን መልሶ ለብሶ በብስክሌቱ ተከተላቸው፤ ማንም ና አላለውም። ከአንድ ማይል በኋላ ሁለተኛው ብረት ብቅ አለ፤ እሱም አረንጓዴ። ክላይቭ ፔዳሉን አቆመና ኪሱን ዳበሰ።

«ካርዴስ?»

«ሰንሰለቱን ጠረግሁበት።»

ባዶ ኪሱን እንደገና ዳበሰ። «ፊደሉ እኮ ያምር ነበር።»

«ያምር ነበር። አሁን ንዳ፤ ሻይ ቤቱ አሥር ሰዓት ይዘጋል።»

ክላይቭ ብረቱን አላየም። ከጎኑ ያለውን ቁጥቋጦ በዓይኑ እየፈለገ ነዳ። ከኋላቸው ፖኮክ ማንም ሳይጠይቀው ሰደርያውን ማውለቅ ጀምሯል።